የአርብ እንቆቅልሽ በሞርሳ ሰፈር

ማርሊስ ሃውታላ ሰው መቀበል የታከታት በስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብረት ማዕድኑ የዕቃ ግምጃ ቤት መስኮት ላይ ቆማ ለወንዶች መፍቻና ሊማ ስታድል፣ «የትናንቱን ሳትመልስ የዛሬውን አልሰጥህም» ስትል፣ ስትሰደብና መልሳ ስትሳደብ ኖራ አንድ ቀን አልታከታትም። የታከታት ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው፤ በገዛ ቤቷ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከአጋዘን ሥጋው ማቀዝቀዣ አጠገብ በተቀመጠች ከጫማ ካርቶን በማትበልጥ ኮምፒውተር ጣጣ።

በዚያች ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ሰፈር አለ። በብረት መያዣው ስም ሞርሳ ይባላል። ከትልልቆቹ የኢንተርኔት መድረኮች የሸሹ፣ ጋራዣቸው ውስጥ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ያቆሙ፣ የተላገ ብረት ሽታ ደስ የሚላቸው ዘጠኝ መቶ ሰዎች ፎቶ የሚለጥፉበት፣ የሚማከሩበትና የሚነቋቆሩበት ሰፈር ነው። እንደ ሞርሳ ያሉ ሌሎች ትናንሽ ሰፈሮችም አሉ፤ የሸማኔዎች፣ የንብ አርቢዎች፣ የጡረተኛ መምህራን፤ ሁሉም በየሰዉ ቤት የሚተዳደሩ። በመካከላቸው በር አለ። በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ የአንዱ ሰፈር ሰው የሌላውን ያነባል፣ ይመልሳል፣ ይወዳጃል። አንዱ ሰፈር ከባለገ ግን ጎረቤቶቹ በራቸውን ይዘጉበታል፤ ያኔ ሰዉ እርስ በርሱ ብቻ ሲያወራ ይኖራል። ማርሊስ የሞርሳ አስተዳዳሪ ናት። ሥራው ደሞዝ የለውም፤ ስድብ ግን አለው።

እንግዶቹ የመጡት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ትልቁ የቪዲዮ መድረክ ቤታቸው ውስጥ ሽጉጥ የሚሠሩ ሰዎችን ቪዲዮ በአንድ ሳምንት ጠራርጎ አወጣ። አብዛኞቹ የግዛታቸው ሕግ የሚፈቅድላቸውን ለራሳቸው ብቻ የሚሠሩ፣ አንድም ነገር የማይሸጡ ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው ግን አልፈለጋቸውም። ከቤቱ የተባረረ ሰው ዘመድ ይፈልጋልና እነሱም ቶርኖ ያለበትን ሰፈር ፈልገው መጡ። በአሥር ቀን ውስጥ ዘጠኝ መቶው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሆነ።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ሞርሳ ውስጥ ወርቁም ብሩም በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቁ።

ጠቡ የመጋረጃ ጠብ ነው። በሞርሳ ደንብ ሰውን ሊያስከፋ የሚችል ነገር ሲለጠፍ መጋረጃ ይደረግበታል፤ በመጋረጃው ላይ ከኋላው ያለው ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፋል። ማየት የፈለገ ይገልጣል፣ ያልፈለገ ያልፋል። ማሽን የቆረጠው ጣት ከሆነ «ደም አለው» ይባላል። ምርጫ ከሆነ «ፖለቲካ» ይባላል። ነባሮቹ ይህን የሚያደርጉት ሳያስቡት ነው፤ በረዶ የረገጠ ጫማቸውን በር ላይ እንደሚያወልቁት። እንግዶቹ ግን ከነጫማቸው ገቡ። የሠሩትን ሽጉጥ ወልውለው፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው፣ መብራት አብርተው ፎቶ አነሱና እንዲሁ ለጠፉት።

«እባካችሁ ሸፍኑት» አሉ ነባሮቹ።

«ለምን? ነውር ነው እንዴ?»

«ነውር አይደለም፤ የሚከፋው ሰው ሊኖር ይችላል ብለን ነው።»

«የሚከፋው ዓይኑን ይጨፍን! አምስት ዓመት ሙሉ ሲደብቁን ኖረው፣ አሁን ደግሞ እናንተ ራሳችሁን ደብቁ ልትሉን ነው?»

«ጉድ እኮ ነው፣ ቤታችን መጥተው እኛኑ ይቆጡናል!»

«ዝም በሉ እናንተ ሹራብ ሠሪዎች!» አለ አንድ ከቴክሳስ የመጣ። ስድብ መሆኑ ነው። ከነባሮቹ ሦስቱ በእርግጥም ሹራብ ይሠሩ ስለነበር ክፉኛ ተቀየሙ፤ አንደኛው ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነው፣ እስከ ዛሬም አልታረቀም።

ማርሊስ ጠመንጃ የምትፈራ ሴት አይደለችም። እሷ በተወለደችበት በሰሜን ሚኒሶታ የአጋዘን አደን በተከፈተ ማግስት የሚያስተምርም የሚማርም አይገኝም። መኝታ ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ጠመንጃ ተቆልፎ አለ፤ አንዱ የእሷ ነው። ስለዚህ ባሏ ሬይኖ ነገሩ ፈጽሞ አልገባውም።

«ይለጥፉዋ» ይላታል በየጠዋቱ የአጃ ገንፎውን እያማሰለ። «ቶርኖ ነው፣ ብረት ነው። አንቺ ምን አገባሽ?»

«አትለጥፉ መቼ አልኩ? ሸፍኑ ነው ያልኩት።»

«ለአንዲት ጨርቅ ይሄን ያህል?»

«ጨርቅ አይደለም ሬይኖ።»

«እሺ፣ አይደለም። አንቺ ሁልጊዜ ልክ ነሽ። ብቻ እንቅልፍሽን ተኚ፤ ዓይንሽ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ድንች ይይዛል።»

እሷም ሳህን ታቀርብለታለች። ምክንያቱን መናገር አትችልም፤ ምክንያቱ የእሷ አይደለምና።

ምክንያቱ አይላ ፍሪሰን ነበረች። አይላ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ፣ በሳስካቸዋን የስንዴ አገር ብቻዋን ትኖራለች። የእርሻ መኪና ጥገና ቤት ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆማ ያረጀች ሴት ናት። አሁን ከጡጫ የማይበልጡ፣ በእንፋሎት የሚሽከረከሩ ሞተሮች ትሠራለች። ሞርሳ ሲቆረቆር ሦስተኛዋ ነዋሪ እሷ ነበረች፤ ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ የእሷ ቃል እንደ ዳኛ ቃል ነው። ሙገሳ ከአፏ አይወጣም፤ ሌላው በወደደው ፎቶ ሥር የሚያኖረውን ኮከብም እምብዛም አትሰጥም። በዓመት አንዴ «ይህ ደህና ነው» ካለች የተባለለት ሰው ያቺን መስመር አትሞ ጋራዡ ውስጥ ይሰቅላል። ከማርሊስ ጋር በአካል ተያይተው አያውቁም፤ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ በአራት ሰዓት ይደዋወላሉ። ማርሊስ እህት የላትም፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ «አንቺ ልጅ» የሚላት ሰው አይላ ብቻ ናት።

ከነዚያ እሁዶች በአንዱ አይላ ስለ ልጇ ነገረቻት። አንዴ ብቻ። ቶቢን ይባላል። ጓደኛው ጋራዡ ውስጥ በእጁ የሠራውን ሽጉጥ ሊያሳየው አወጣ፤ «ባዶ ነው» አለው። ባዶ አልነበረም። ቶቢን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት አይላ። «ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ሲያዝኑልኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እጄ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ምን ልሠራ ነው?»

ማርሊስም ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። እንግዶቹ ከመጡ ወዲህ ግን ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት መነሳት ጀመረች። የአይላ አገር ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ አይላ ነቅታ ስልኳን ከመክፈቷ በፊት ማርሊስ በፒጃማዋ ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ሌሊቱን የተለጠፈውን ሽጉጥ ሁሉ አንድ በአንድ በገዛ እጇ ትሸፍናለች። አርባ፣ ሃምሳ፣ አንዳንዴ ሰማንያ። ባለቤቶቹ ሲነሱ ይገልጡታል፤ እሷ ደግሞ ትሸፍናለች። አንድ ወር እንዲህ ሆነ። ሬይኖ ያየው የዓይን ከረጢት ከዚህ የመጣ ነው።

ያዳናት ከእንግዶቹ አንዱ ነው። ጋርላንድ ቲግ ይባላል፤ ሰባ ዓመቱ፣ ከምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን መካኒክ የነበረ ሰው። ወገኖቹ ያከብሩታል። አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቀው እንዲህ ብሎ ጻፈላቸው፦ «ልጆች፣ ያለነው በሰው ቤት ነው። የቤቱ እመቤት ጫማ አውልቁ ካለች ይወለቃል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። እናቴ ብትኖር ኖሮ ሁላችሁንም በጆሯችሁ ጎትታ ታወጣችሁ ነበር። ሸፍኑ።»

ሸፈኑ! ግማሾቹ እየተራገሙ ሌላ ሰፈር ሄዱ፤ ስድስት መቶ የሚሆኑት ግን ቀሩና «ሽጉጥ» ብለው በመጋረጃው ላይ እየጻፉ እንደ ሰው መኖር ጀመሩ። ጋርላንድማ ተወደደ። ቶርኖው ለሚንቀጠቀጥበት ይመክራል፣ አሮጌ ማሽን ለገዛ መለዋወጫ ያፈላልጋል፣ የንብ አርቢዎቹን ሰፈር ሳይቀር በቀልዱ ያስቃል። ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ማርሊስ እስከ አንድ ሰዓት መተኛት ጀመረች። «ድንቹን አራገፍሽው» አላት ሬይኖ ፊቷን አይቶ።

አሁን የአርብን ነገር መናገር ያስፈልጋል። ሞርሳ ውስጥ አርብ የእንቆቅልሽ ቀን ነው። አንዱ የአንድ ትንሽ ብረት ፎቶ ያወጣል፤ ሙሉው ዕቃ ከመጋረጃው ኋላ ይቀመጣል፤ መጋረጃው ላይ «ምንድን ነው?» ይባላል። ያላወቀ አገር አይሰጥም፤ መጋረጃውን ገልጦ አይቶ ይስቃል። ከኋላው የልብስ ስፌት መኪና ይገኛል፣ የዳክዬ መጥሪያ ይገኛል፣ አንዴም የአንዱ ነዋሪ አማት ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገኝቷል። በሌላው ቀን መጋረጃ «ተጠንቀቅ» ማለት ነው፤ አርብ ግን «ና ግባ» ማለት ነው። የአርቡን መጋረጃ የማይገልጥ ነባር የለም፤ ከሁሉ ቀድማ የምትገልጠው ደግሞ አይላ ናት፤ መልሱን ታውቀዋለችና ለማረጋገጥ ትቸኩላለች። አርብ ዕለት ክፉ ነገር እንደማይቀመጥ ነባሮቹ ሁሉ ያውቃሉ። ያውቃሉ እንጂ አንዳቸውም የትም ቦታ አልጻፉትም። ለጋርላንድ የነገረው ሰው አልነበረም።

በዚያ አርብ ማርሊስ ሬይኖን ለጉልበቱ ሐኪም ዘንድ ዱሉት ከተማ ወስዳው ነበር። ጋርላንድ ከጥፍር የማትበልጥ፣ እንደ መስታወት የተወለወለች የብረት ቁራጭ ፎቶ ለጠፈ። መጋረጃው ላይ «አርብ ነው ጎረቤቶቼ! ይህች የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጻፈ። ከኋላው፣ በሚስቱ የሳህን ማድረቂያ ፎጣ ላይ የተጋደመች፣ እሱ ራሱ ሰባት ወር የደከመባት ሽጉጥ ነበረች።

ሸፍን አሉት፣ ሸፈነ። እንቆቅልሽ አምጣ አሉት፣ አመጣ። እንደ ነባር ለመሆን የቸኮለ እንግዳ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርግ?

ማታ ማርሊስ ቤቷ ስትገባ አርባ ሰባት አቤቱታ ጠበቃት። «ወጥመድ ነው!» ይላል አንዱ። «ሆን ብለው ነው፣ እየሳቁብን ነው» ይላል ሌላው። ከሸማኔዎቹ ሰፈር አስተዳዳሪ ደግሞ ሰባት ሰፈሮች የፈረሙበት ደብዳቤ መጥቷል፦ ሽጉጥ ሠሪዎቹ እስከ እሁድ እኩለ ቀን ካልወጡ ሰባቱም በራቸውን ይዘጋሉ። ማርሊስ ይህን ሁሉ በአንድ ዓይኗ አየችው። የፈለገችው አይላን ነበር። አይላ ከቀትር ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈችም። ደወለች፤ አይላ አታነሳም። እንደገና ደወለች። ሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ስልኩ ጭራሽ ተዘግቷል።

«ተኝታ ይሆናል» አለ ሬይኖ።

«አይላ ስልክ አትዘጋም።»

ያን ሌሊት ማርሊስ አልተኛችም፤ ሲነጋ ግን ወስና ነበር። ጋርላንድ ከወጣ አይላ ትመለሳለች። ይኸው ነው። የጎረቤቶቹ በር፣ የሰፈሩ ስም፣ ማን ልክ ማን ስህተት ምናምን፣ ሁሉም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኬንታኪ ደወለች።

«ጤና ይስጥልኝ እመቤት ማርሊስ» አለ ጋርላንድ። ድምፁ ቀሰስ ያለ ነው። «ድምፅዎን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከጽሑፍዎ ቆጣ የሚሉ መስለውኝ ነበር።»

«ቆጣም እላለሁ።»

«እንግዲያስ ይቆጡኝ። ትናንት አንድ ጥፋት እንዳጠፋሁ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሚስቴንም ጠየቅኋት፣ እሷም አልገባትም። እሷ ካልገባት እንግዲህ ከባድ ነው።»

ማርሊስ ልትስቅ ነበር። አልሳቀችም።

«ጋርላንድ፣ እርስዎና ሰዎችዎ ሌላ ሰፈር መፈለግ አለባችሁ። እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ።»

ከኋላው ውሻ ይጮሃል፣ አንዲት ሴት ውሻውን ትቆጣለች።

«ሰባቱ ጎረቤቶች ናቸው?»

«እነሱም ናቸው።»

«"እነሱም" ካሉ ሌላም አለ ማለት ነው።»

«አለ። ልነግርዎ ግን አልችልም።»

«ሰው ጎድቻለሁ?»

«ልነግርዎ አልችልም» አለች እንደገና፣ እንደ ግምጃ ቤቱ መስኮት ዘመን በደረቀ ድምፅ።

«እሺ እንግዲህ» አለ ሽማግሌው። «በሦስት ዓመት ውስጥ ከስድስት ቦታ አስወጥተውኛል፣ እመቤቴ። አንዳንዱ ጠዋት ስነሳ በሩ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። ደውለው የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለዚህ አመሰግናለሁ።»

ምስጋናው ከስድብ ሁሉ ባሰባት። ስልኩን ዘግታ ማስታወቂያውን ጻፈች፤ ሽጉጥ የሚለጥፍ ሁሉ እስከ እሁድ እኩለ ቀን ሌላ ቦታ እንዲፈልግ። ወዲያው እልልታው ቀለጠ። ወር ሙሉ ትንፍሽ ያላለው ሁሉ «እኔ ድሮም ብያለሁ» ማለት ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ያ የባቡር መካኒክ ሳይቀር ሹራቡን ለብሶ ፎቶ ለጠፈ። ማርሊስ ሁሉንም አንብባ ለማንም አልመለሰችም።

«አሁን ቀለለሽ?» አላት ሬይኖ ማታ ሳውና ውስጥ።

«አይላ ትመለሳለች።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

እሁድ በአራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። ማርሊስ በአንዴ አነሳችው።

«አንቺ ልጅ» አለች አይላ።

«እቴ! የት ጠፋሽ? ሰው እንዲህ ያስጨንቃል? አስወጣሁት እኮ! ጋርላንድም ሌሎቹም ዛሬ ቀትር ላይ ይወጣሉ። ከዚህ በኋላ እንዲያ ያለ ነገር አታዪም።»

«ያንን ሽማግሌ? እሱን ለምን አስወጣሽው?» አለች አይላ።

«ለምን ትይኛለሽ? አንቺን...»

«እኔ አስወጪልኝ አልኩሽ?»

«ስልክሽን ስትዘጊ ምን ላስብ?»

«ስልኬን የዘጋሁት ከራሴ ጋር ጣጣ ስለነበረኝ ነው። ዝም ብለሽ ስሚኝ፤ ሁለተኛ የምናገረው አይደለም።» ትንፋሿን ሳበች። «መጋረጃውን ገለጥኩት። ሽጉጡን አየሁት። ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ? "ጎበዝ!" አልኩ። ጮክ ብዬ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን። ማርሊስ፣ እንዲያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ጠርዙ፣ መገጣጠሚያው፣ አወላወሉ! ፎቶውን አስጠግቼ አየሁት፣ ደግሞ አስጠግቼ አየሁት። መነጽሬን ጠርጌ አየሁት። ኮከብ ሰጠሁት። እኔ፣ በዓመት አንድ ኮከብ የማልሰጥ። ከዚያ ሻይ ልጠጣ ዞር ስል የቶቢን ፎቶ ከማቀዝቀዣው ላይ አየኝ።»

ማርሊስ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች።

«ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም» አለች አይላ። «አሥር ይሆናል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ልጄ እንዴት እንደሞተ ረስቼ የሽጉጥ ጠርዝ ሳደንቅ ነበር። ባልወደው ምን ነበረበት? ጥላሸት የመሰለ ሥራ ቢሆን ምን ነበረበት? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ያ ፎቶ ዓይኔ ላይ ነው። ስህተት ፈለግሁበት። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ስህተት፣ አንድ ብቻ ፈለግሁበት። አጣሁ።»

«እቴ፣ ይሄ ኃጢአት አይደለም። እጅሽ ብረት ያውቃል፣ ዓይንሽ ብረት ያውቃል፤ ሌላ ምን...»

«እሱን ነው የምልሽ። ይሄ ዓይን ነገም እንዲያ ያለ ነገር ቢያይ ጎበዝ ይላል። አውቀዋለሁ። ስለዚህ ካሁን በኋላ አላይም። አካውንቴን ዛሬ አጠፋዋለሁ። ቶርኖውንም የእህቴ ልጅ ይወስደዋል።»

«አይላ፣ እባክሽ። ቢያንስ ትንሽ ቆዪ። አንድ ወር።»

«ደከመኝ ማርሊስ።»

«እሁድስ? እሁድ ትደውያለሽ አይደል?»

«ስንደዋወል ስለ ምን እናወራለን? ስለ ብረት ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ብረት ነው ያወራነው።» ድምፅዋ ለስለስ አለ። «ለዚያ ሰው እንዳትነግሪው። ሰባት ወር ለፍቶበታል። ይሄን ከሰማ ሁለተኛ ሊማ አያነሳም፤ እኔ ደግሞ የሌላ ሰው እጅ ማሰር አልፈልግም። ማይልኝ።»

«ምን ብዬ ልማል?»

«በሬይኖ ጉልበት ማይ» አለች አይላ። ማርሊስም ማለች፤ ስልኩም ተዘጋ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ማርሊስ አይላን ለማስቀረት ጋርላንድን ሸኘች፤ አሁን አይላም የለችም። ጋርላንድን መልሳ መጥራት ትችል ነበር። «ተሳስቻለሁ» ብሎ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔ ግን ሰባቱ በሮች ይዘጋሉ፤ ዘጠኝ መቶውም ሰው ይጮሃል፤ እሷም እንደገና በአሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች፣ አሁን ለማን እንደምትሸፍንም ሳታውቅ። እውነቱን ለመናገር ደክሟት ነበር። ትክክሉ የቱ እንደሆነ ታውቀዋለች፤ ለማድረግ የሚያነሳት ጉልበት ግን አልነበራትም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የአይላ ስም ከሰፈሩ ጠፋ። ሰው አካውንቱን ሲያጠፋ የጻፈው ሁሉ፣ የለጠፈው ሁሉ፣ ለሰው የሰጠውም ሁሉ አብሮት ይጠፋል። ስምንት ዓመት ሙሉ የተለጠፉት እነዚያ ትናንሽ ሞተሮች አንድ ሳይቀሩ ሄዱ። «ይህ ደህና ነው» የተባለላቸው ሰዎች ነገ ጠዋት ሲነሱ ያቺን መስመር አያገኟትም። ማርሊስ ምድር ቤት ወርዳ ኮምፒውተሯን በእጇ ነካቻት። ትሞቃለች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ትሠራለች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከጋርላንድ መልእክት መጣ።

«እመቤት ማርሊስ፣ ዕቃዬን ሰብስቤያለሁ። ልጆቹም ወጥተዋል፤ አንድ ሁለቱ ክፉ ቃል ጽፈው ከሆነ ስለ እነሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። አርብ ዕለት እመቤት ፍሪሰን ለሥራዬ ኮከብ ሰጥተውኝ ነበር። ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሃምሳ ዓመት ብረት ስልግ እንደሳቸው ያለ ሰው ሥራዬን አይቶልኝ አያውቅም። አሁን ግን ሳየው ኮከቡ የለም። መልሰው ወስደውታል። አልተቀየምኩም፤ መብታቸው ነው። ግን ያዩት ስህተት ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ጠርዙ ላይ ነው? ይጠይቁልኝ እባክዎ፤ አስተካክለዋለሁ።»

ማርሊስ ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጻፍ ጀመረች፣ አጠፋች። «እመቤት ፍሪሰን ልጃቸው» ብላ ጻፈችና አጠፋች። «ስለ ኮከቡ አላውቅም» ብላ ጻፈች፤ ውሸት ሆነባትና እሱንም አጠፋች። በመጨረሻ ያልዋሸችበትን፣ መሐላዋንም ያላፈረሰችበትን አንድ መስመር አገኘች።

«አነጋግሬያቸዋለሁ። ስህተት ፈልገው አጡበት።»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«እፎይ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ እመቤቴ፤ አሁን በሰላም እሄዳለሁ። ኮከቡን በስህተት ነክተውት ይሆናል፤ የኔ ጣትም እንደዚያ ያደርገኛል። ሌላ ጀምሬያለሁ፤ ከዚችም የምታምር ናት። ስጨርስ ፎቶዋን አሳጥቤ በፖስታ እልክላቸዋለሁ። የቤታቸውን አድራሻ ይስጡኝ።»

ለቀትር፣ የጋርላንድም በር ለሚዘጋበት ሰዓት፣ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ማርሊስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አራቱን ደቂቃ ቁጭ ብላ አሳለፈቻቸው።